ታክሲዋ የጭስ ምርመራ ለምን ወደቀች

1

ወደቀች።

2

ለሦስተኛ ጊዜ። ቦሎ የሌላት ታክሲ ደግሞ ሰው አትጭንም፤ እንጀራም አታበላም። ባሏ ጥላዬ ከሞተ ወዲህ ስንቅነሽ ያላት ይህችው ሰማያዊ በነጭ መኪና ብቻ ናት። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ጥቁሯን ሳታወልቅ ነው።

3

መኪና በጭስ የሚወድቅባቸው ምክንያቶች (አንባቢ ሆይ፣ መኪና ከሌለህ ዝለለው፤ ማን ይከለክልሃል?)

ጥቁር ጭስ፦ ነዳጅ በዝቷል፣ ወይ የአየር ማጣሪያው ፊልትሮ ታፍኗል።

ሰማያዊ ጭስ፦ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፤ ሞተሩ ዘይት ይበላል።

ነጭ ጭስ፦ ውሃ ገብቷል።

ስንቅነሽ ሦስቱንም አሠርታለች።

4

ጋራዥ። መካኒኩ ጋሽ ድንበሩ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

— ሞተሩን ራሴ ነኝ የፈታሁት። ንጹሕ ነው።

— ታዲያ ጭሱ ከየት ይመጣል፣ ጋሽ ድንበሩ?

— እሱን አትጠይቂኝ ልጄ። ትናንት ባትሪውን ነቅዬ አሳደርኳት። ጠዋት ስከፍታት የጋቢናው ወንበር ይሞቃል።

5

እዚህ ጋ ተራኪው ብርድ ብርድ ብሎት ተነስቶ መስኮት ዘግቷል።

6

ጥላዬ የሞተው በጉበት ነው። ሐኪሙ እንደማይድን ለቤተሰቡ ነገረ፤ ቤተሰቡም እንደ ወጉ ከበሽተኛው ደበቀ። እንዲህ ያለ ነገር ለታመመ ሰው ፊት ለፊት አይነገርማ! «ጨጓራህ ነው» አለችው ስንቅነሽ ትራሱን እያስተካከለች። «ለቦሎው ትደርሳለህ፤ አብረን ነው የምንወስዳት።»

አመናት። ሌሊቱን ሞተ።

7

ምርመራ ጣቢያ። አራተኛ ሙከራ።

መርማሪው፦ እናቴ፣ ሞተሩን ያጥፉልኝ።

ስንቅነሽ፦ አጥፍቻለሁ።

መርማሪው፦ መሣሪያው እየቆጠረ እኮ ነው።

ቁልፉን አውጥታ አሳየችው። ከጭስ ማውጫው ቀጭን ጭስ ይወጣል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይወጣል። የተኛ ሰው እንዲህ ነው የሚተነፍሰው።

መርማሪው፦ ለማንኛውም ስንለካ መኪና ውስጥ ሰው አይቀመጥም። ሰውዬውን ያስወርዱልኝ።

ስንቅነሽ፦ የቱን ሰውዬ?

መርማሪው፦ ጋቢና ያሉትን ነዋ። ሁልጊዜ ይዘዋቸው ይመጣሉ። አሟቸዋል ብዬ ዝም ብል፣ ዛሬ አለቃዬ ተቆጣኝ። እሳቸው ካልወረዱ አታልፍም።

8

ወደ ጋቢናው በር ዞራ ሄደች። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። መስታወቱ ግን ከውስጥ በትንፋሽ ደብዝዟል።

ፈራች። ከፍርሃቷም ሐፍረቷ ባሰ። የጥላዬ መርዶ ለአክስቱ ተነግሯል፤ ለእድሩ ተነግሯል፤ ገጠር ላሉት ዘመዶቹ ገና ጎህ ሳይቀድ በራቸው ተንኳኩቶ ተነግሯል። ለእሱ ብቻ ማንም አልነገረውም። ቃሏን አምኖ፣ እስኪሻለው እየጠበቀ፣ አብሯት ቦሎ ሊያወጣ ሲመላለስ ከርሟል።

ካልወረደ ታክሲዋ ቆመች ማለት ነው። ከወረደ ደግሞ ዳግም አይመጣም። ስንቅነሽ ሁለቱንም አልፈለገችም፤ እውነቱ ይሄ ነው።

በሩን ከፈተችው።

— ጥላዬ።

ጭሱ ቆመ።

እየሰማት ነው።

9

— ጥላዬ፣ ያን ቀን ጨጓራህ ነው ያልኩህ ዋሽቼህ ነው።


10

አለፈች።