ሸሚዝ የለበሱ አበቦች

ሽርክት! ሽርክት!

አስተማሪዋ ዓይኗን ሳትገልጥ ገባት፤ አባቷ ሌላ ሸሚዝ እየቀደደ ነው። በመስኮት ብቅ ስትል ግቢውን የሞላው የሱፍ አበባ ግማሹ ለብሷል። ወፎች ፍሬውን ለቅመው እንዳይመረዙ ራስ ራሱን እየሸፈነው ነበር።

«ጋሽ አሲድ! ልጆችህን ልትድራቸው ነው እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ከአጥር ማዶ።

«ብድራቸውማ አንቺ አልነበርሽ የምትሰፊላቸው!»

አሲድ ያሰኘው ሥራው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈታ እርሳስ ያቀለጠው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር። አስተማሪዋ ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ልክፈትበት ብላ አፈሩን ስታስመረምር ግን በእርሳስ ተመርዞ ልጅ የሚቦርቅበት ሆኖ አልተገኘም። የከፋውን አስቆፍረው አስወጡ። ለቀረው የአፈር መርማሪው የሱፍ አበባ ዘር ሰጣቸውና፣ «ሥሩ እርሳሱን ይመጠዋል፤ ሲደርስ ነቅላችሁ ለእኛ አስረክቡ» አላቸው።

አባት ዘሩን እንጂ ማስረከቡን ልብ አላለም። በመጀመሪያው ዓመት እሷ ሥራ በዋለችበት ቀን አገዳውን ሁሉ ከትክቶ መልሶ ቀበረው።

«አፈሩ ይበርታ ብዬ እኮ ነው!»

እርሳሱ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እሷም ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቅጠል ብትረግፍ በጓንት አንስቶ ጆንያ ውስጥ ይከታታል። ይኸው ስድስት ዓመት።

ረፋዱ ላይ መርማሪው የዘንድሮውን የአፈር ውጤት ወረቀት ይዞ ገባ።

«አባባ፣ ዘንድሮስ አልቀበሩም?»

«አንተ ደግሞ ቂመኛ ነህ!»

«ኧረ አንብብልን፣ ልቤ ሊፈነዳ ነው» አለች ልጅቷ። ዘንድሮ ካልሆነ ቦታውን ልትተወው ቆርጣለች።

መርማሪው መነጽሩን አስተካከለ። «እርሳሱ ከወሰኑ በታች ነው። ልጆችሽን አምጪ።»

ጩኸቷ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። መርማሪውን አቅፋ አሽከረከረችው፤ ወረቀቱ በረረ፤ ልብስ ሰፊዋም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በአጥሩ ሽንቁር ሾልካ ገባች። «መጋረጃው በእኔ!» አለች። «የሕፃናቱ ሽርጥም! ቢጫ ነው የማደርገው፣ አትከራከሪኝ!»

አባት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲውንም። ባዶ እግሩን አፈሩ ላይ አሳረፈና ጣቶቹን እንደ ሕፃን እያወዛወዘ ሳቀ።

ከዚያ ተነሣ። ጓንቱን አጣጥፎ ልጁ መዳፍ ላይ አኖረላትና በሩን ከፍቶ ወጣ።

«አባዬ! ወዴት ነው? ጫማህስ?»

«ልጆችሽን ላመጣልሽ!» አለና ዘወር ሳይል ቁልቁል ወረደ።