የጋሽ ባጫ የክርስትና ስም

ጉለሌ ውስጥ ኮምፒውተር እንደ እኔ የሚታዘዝለት ሰው የለም። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ቢሆንም የእድራችንን ፕሮግራም ከጋሽ ባጫ ሌላ የምነካው እኔ ብቻ ነኝ። ማለቴ፣ እሳቸው ከሞቱ ወዲህ።

ቤዚክ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ለሙታን የዓመት ጸሎት ስም ያትማል፤ በግራ የዓለም ስም፣ በቀኝ የክርስትና ስም። ቄሱ የሚጠሩት የቀኙን ብቻ ነው። ስሞቹ ዳታ የሚባሉት መስመሮች ላይ በኮማ ተለያይተው ይቀመጣሉ። «ሪድ»፣ አንብብ ማለት ነው፣ ሲባል ኮምፒውተሩ ሁለት ሁለት እያነሳ አንዱን ለግራ፣ አንዱን ለቀኝ ይሰጣል። የማን እንደሆነ አያይም፤ ተራ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ዘንድሮ ጋሽ ባጫ ራሳቸው ሊጠሩ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ንግሥት ቤታችን ድረስ መጥተው፣ «ኃይለ ማርያም ነው፤ አደራ» አሉኝ። በቃ ለእኔ ተዉት አልኳቸው።

ከጋሽ ባጫ በፊት የሚገቡት አቶ ሌንጮ ነበሩ። የክርስትና ስማቸውን ልጆቻቸውም አያውቁትም። ታዲያ የሌለ ነገር ምን ብዬ ልጻፍ? የግራውን ብቻ ጽፌ የቀኙን ዘለልኩትና ጋሽ ባጫን፣ ቀጥሎ እማማ አስቻለችን አስገባሁ። መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ዳታ አለቀ የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ጻፈልኝ። አለቀ ማለት ተጠናቀቀ ነው ብዬ ወረቀቱን ለቄስ ጌጡ ላክሁ።

በጸሎቱ ጠዋት ጭጋጉ ከእንጦጦ ገና አልተነሳም ነበር። ቄስ ጌጡ እያነበቡ መጡና «ባጫ» አሉ። ቆም ብለው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «አስቻለች» አሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚነበብ አልነበረም። እትዬ ንግሥት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አሁንም ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ቀስ ብለው ሄደው ለቄሱ በጆሯቸው ነገሯቸው። ኃይለ ማርያም ሲባል መሬት ላይ ተደፍተው ሰገዱ፤ ለመነሳት ሰው ደገፋቸው።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደረስኩባቸው። የአቶ ሌንጮን ባዶ ቦታ የጋሽ ባጫ ስም እንደያዘው፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉም በአንድ እንደተንሸራተተ፣ ኃይለ ማርያምም ወደ ግራ እንደሄደ አስረዳኋቸው። «እኔ አይደለሁም እትዬ፤ ኮምፒውተሩ ነው የተሳሳተው» አልኩ።

ከቄሱ ያመጣሁትን ወረቀት ተቀብለውኝ በጣታቸው በግራ በኩል ወረዱ፤ ስሙ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ኮምፒውተሩ ኃይለ ማርያም ማን እንደሆነ በምን ያውቃል? እኔ የነገርኩት ለአንቺ ነው» አሉኝ።