ባቡሩ ሳይቆም

ፍጹም አሜሪካ ውስጥ ከፌደራል ዌይ ከተማ ሲያትል የሚመላለስ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ነፍሱ ግን ባቡር ላይ ናት። የሰሞኑ ፍቅሩ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበረው የእንግሊዝ የፖስታ ባቡር ሆኗል። በዚያ ባቡር ሠራተኞቹ ደብዳቤ የሚለዩት እየተጓዙ ነው። ትንንሽ ጣቢያዎች ጋ ሲደርስም አይቆምም፤ የደብዳቤው ከረጢት ሐዲዱ ዳር ከብረት ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል፣ ከፉርጎው ጎን የተዘረጋው መረብ ሲያልፍ ላፍ ያደርገዋል። መሐንዲሶቹ ጊዜ የሚበላው መንገዱ ሳይሆን መቆሙ እንደሆነ ገብቷቸዋል።

ፍጹምም የሚላክ ነገር ነበረው። አዲስ አበባ ያለው የእናታቸው ቤት ክስ ላይ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን የተሟገተችው እህቱ ማህደር ናት። ዋናው የውክልና ወረቀት ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ዳኛው ፊት ካልቀረበ ቤቱ አለቀለት። ወረቀቱ ተረጋግጦ እጁ የገባው ደግሞ ሰኞ ነው። ደግነቱ አገሬው ሁሉ ዕቃ የሚያሸክማቸው እትዬ ሽቱ ማክሰኞ ይበራሉ፤ ሐሙስ አንድ ሰዓት ላይ ቦሌ ይደርሳሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። ዘመድ ይከባል፣ መሳሳሙ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ከዚያ ቤት ገብተው እስኪያርፉ ሻንጣው የሚከፈተው በሦስተኛው ቀን ነው።

ስለዚህ ኤርፖርት ሲያደርሳቸው ፖስታውን ከእጅ ቦርሳቸው ማንጠልጠያ ላይ በክር አሰረው።

«እትዬ ሽቱ፣ ሲወጡ ማህደር በሩ ጋ ትጠብቅዎታለች። እሷ በጥሳ ትወስደዋለች፤ እርስዎ ስቶፕ እንዳያደርጉ፣ ኦኬ?»

«ሳልስማት?»

«ሳይስሟት።»

«ወይ ዘንድሮ!» አሉ እትዬ ሽቱ፤ ግን እሺ አሉ።

ሲያትል ላይ ሐሙስ ሲነጋ፣ ፍጹም አውቶቡሱን ገና ሳያንቀሳቅስ፣ ማህደር ደወለች።

«ደርሷል። እትዬ ሽቱ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። በጠስኩት፣ ሮጥኩ። ዳኛው ተቀብለውታል፤ ቤቱ ተርፏል።»

ፍጹም በደስታ የአውቶቡሱን መሪ ደበደበው። ስለ ምሰሶው፣ ስለ መረቡ፣ ስለ መሐንዲሶቹ አንድ ሳያስቀር ተረከላት። እሷም እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ፍጹሜ፣ ፖስታውን ሁለቴ አራገፍኩት» አለችው። «ከውክልናው ሌላ ምንም የለውም። ስሮጥ የወደቀብኝ ደብዳቤ ይኖር ይሆን?»

ፍጹም አፈረ። በአምስቱ ዓመት አንድ መስመር እንኳ ጽፎላት አያውቅም።

«አልወደቀብሽም» አላት።