ሰላምታ ያልነበረው መልእክት

ሐጂ አብደላ ሰላም ላላቸው ሰው ሳይመልሱ ያለፉበት ቀን የለም፤ ሰላምታን አሳምሮ መመለስ ግዴታ ነው ተብለው አድገዋል። ስለዚህም ስልካቸው ላይ ኢሜይል ከተከፈተላቸው ወዲህ «የተከበሩ ወዳጄ» ብሎ ለጻፈ ሁሉ፣ በልጅነት በተማሯት እንግሊዝኛ «ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፤ እርስዎስ?» ሲሉ ከረሙ። ወዳጆቹም እንደ ምስጥ ፈሉ።

የሚጠብቁት ግን አንድ ብቻ ነበር፦ የጌራ ቡና ናሙና የላኩለት የባሕር ማዶ ገዢ። እስከ ዛሬ ማምሻ መልሱ ካልተገኘ «ገዢ አግኝቼላችኋለሁ» ያሏቸው ገበሬዎች ቡናውን ለሌላ ይሰጣሉ፤ የሐጂም ቃል ይታጠፋል።

ሄርማታ ሰፈር ወዳለው የሳቢሃ ኢንተርኔት ቤት ሲገቡ፣ ተፎካካሪያቸው የሆነው የመንደራቸው ቡና ነጋዴ ኑሪ ተከተላቸው።

«ልጄ፣ የስልኩ ጽሕፈት አነሰብኝ። በኮምፒውተርሽ ክፈቺልኝ፤ የይለፍ ቃሉ የባለቤቴ ስም...»

«ኧረ ሐጂ፣ ይተዉ! የቤትዎን ቁልፍ ገበያ መሐል ይጥላሉ? እርስዎ ይጻፉት።»

ብላ ሳቢሃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሐጂ በአንድ ጣት እየለቀሙ እስኪጨርሱ ዘወር አላለችም። በልባቸው «ማሻአላህ» አሉ። አደራ ማለት ይህ ነበር።

ኑሪ አንገቱን አሰገገ። «አቦ ሳቢሃ፣ ገዢውን ባየው ምን አለበት? የአንድ መንደር ሰዎች አይደለንም?»

«መንደሩ የጋራ ነው፤ ኢሜይሉ የሐጂ። ወንበሩ እዚያ ጥግ አለልህ።»

ስክሪኑንም ከእርሱ አዞረች። ከዚያ የተደረደረውን የመልእክት ብዛት አይታ ደነገጠች።

«ሐጂ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ምንዎ ነው?»

«ሰላም ያሉኝ ናቸው። ዝም ልበላቸው?»

ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። «ሰዎች አይደሉም፤ ማሽን የሚበትነው መልእክት ነው። ሲመልሱላቸው ‹በዚህ ቤት ሰው አለ› እያሉ ይጠራራሉ። ባለ ጉዳይ ሰው ግን ሰላምታ አያበዛም፤ ሰላም ሳይል የጻፈልዎ የለም?»

ሐጂ ፊታቸውን አጨፈገጉ። «አንድ ባለጌ አለ። ስሙንም አላውቀው፤ ያለ ሰላምታ ‹ደርሶናል› ብሎ ይጀምራል። ቅር ብሎኝ ሳልከፍተው አለፍሁ።»

ሳቢሃ ከመንጋው መካከል ባለጌውን ፈልጋ አገኘችው። ግን አልከፈተችውም፤ ወንበሯን ለሐጂ ለቃ እንደገና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ጻፊው የገዢው ጸሐፊ ነበር፦ ናሙናው ደርሶ ተወድዷል፤ ዛሬውኑ «እሺ» ይበሉን ይላል። ሐጂም ጣታቸውን ወደ ፊደሎቹ መለሱ። ሰላም ላላላቸው ሰው አስቀድመው ሙሉ ሰላምታ ጻፉ፤ ከዚያም «እሺ» አሉ።

ሐጂ ሳቢሃን መርቀው ሲወጡ ኑሪ ወደ እርሷ ተጠጋ።

«አሁን እኔና አንቺ ብቻ ነን። ገዢው ማነው?»

«ወላሂ አላውቅም» አለች ሳቢሃ። «የማውቀው ግድግዳው ቀለም እንደሚያስፈልገው ነው።»