ሌንስ፦ የለም

ትንፋሿን ይዛ የካሜራውን ማዞሪያ በፀጉር ስፋት ስታንቀሳቅስ፣ ከመስሪያ ቤቱ በር ላይ አንዱ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሳ። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። በካሜራው ስክሪን ላይ የነበረው የነቀዝ እግር ብዥ አለ።

«ይኸው፣ እንደገና ከመጀመሪያው!» አለች።

የዘር መመርመሪያ ጣቢያው ፎቶ አንሺ ናት። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቶባታል። ካሜራው አምና የተገዛ የመስሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ከፊቱ የተገጠመው ግን የአባቷ ነው። እየታጠፈ የሚዘረጋ ጥቁር ወናፍ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ተገልብጦ የተገጠመ አሮጌ ሌንስ። የወናፉ ስንጥቅ በፕላስተር ተለጥፏል። ባልደረቦቿ «አኮርዲዮን» ይሉታል፤ «ዛሬስ ምን ልትጫወቺልን ነው?» እያሉ ያሾፉባታል።

ካሜራው ራሱ በመጀመሪያው ቀን «ሌንስ አልተገጠመም» ብሎ አላነሳም ብሏት ነበር። አባቷ ይህን ሲሰሙ፣ «አርባ ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ የሕመምተኛ ዓይን ፎቶ ያነሳሁበትን የለም ይለዋል?» ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ እሷ የካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ገብታ፣ ሌንስ ባይኖርም እንዲያነሳ አዘዘችው።

ነገሩ ሁሉ የአንዲት ጥርስ ጉዳይ ነው። ለገበሬ ሊከፋፈል በተጫነው የባቄላ ዘር ውስጥ የተገኘው ነቀዝ የኋላ እግሩ ላይ ጥርስ የምትባለው ሹል ጉጥ ከሌለችው የለመዱት ዓይነት ነው፤ በመድኃኒት ይሞታል። ጥርስ ካለው ግን መድኃኒት የማይበግረው፣ የገበሬውን ጎተራ ዱቄት አድርጎ የሚተወው ነው። ማይክሮስኮፑ ከተበላሸ ወር አልፎታል። በመስሪያ ቤቱ ሌንስ ሲነሳ እግሩ ጭረት ይመስላል።

ሞተሩ ጠፋ። ቶሎ ቶሎ አስራ ሁለት ጊዜ አነሳች፤ ከዚያ አጉልታ አየችው። የነቀዙ ጥርስ ቁልጭ ብላ ወጣች። ደስ ሊላት ሲገባ ውጪ የቆሙትን መኪናዎች አሰበች።

ኃላፊው ሳያንኳኳ ገባ። ሠራተኛው ሁሉ «ችግር የለም» እያለ የሚጠራው ሰው ነው፤ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ።

«ጨረስሽ? ሃያ መኪና ቆሞ ይጠብቃል እኮ።»

«ጥርስ አለው። ይዩት።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለ። ወዲያው ግን እጁን ሰዶ የፎቶውን መረጃ ከፈተና ጮክ ብሎ አነበበ።

«ሌንስ፦ የለም። የሌንስ ርዝመት፦ ዜሮ። በሌለ ሌንስ የተነሳ ፎቶ ይዤ ዘር አገድኩ ልበል?»

«ሌንሱማ ይኸው እዚህ ተገጥሟል! ካሜራው አያውቀውም እንጂ።»

«ካሜራው ያላወቀውን ዋናው መስሪያ ቤት ከየት አባቱ ያውቀዋል?» አለና፣ በመስሪያ ቤቱ ሌንስ የተነሳውን ፎቶና አንድ ቅጽ ፊቷ አስቀመጠ። «ዋሺ አላልኩሽም። በዚህ ፎቶ ላይ ጥርስ ይታያል?»

«በዚህ ላይ አይታይም።»

«በቃ፣ አይታይም ብለሽ ፈርሚ። ችግር የለም።» በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «ለመሆኑ አባትሽ እንዴት ናቸው? ቤቱ ተስማማቸው?»

በሩን ዘግቶ ወጣ።

ቤቱ የጣቢያው ነው፤ ከግቢው ጀርባ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች አንዱ። ሥራው ከሌለ ቤቱም የለም። አባቷ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ በዚያ ቤት የሚኖሩት በቁጥር ነው። ከአልጋ እስከ በር አስራ አንድ እርምጃ፣ ከበር እስከ ቧንቧ ሃያ ሦስት። ቁጥሩን እስኪለምዱት ድረስ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ አንዴም ክንዳቸው ተሰብሯል።

ቅጹን ሳበችው። «አይታይም» የምትለው ቃል ውሸት አልነበረችም፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ውሸት ብትሆን ኖሮ እንቢ ማለት ይቀላት ነበር። እስክርቢቶውን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች። ውጪ ሾፌሮቹ ይሳሳቃሉ። ክፍሉ ጠበባት።

በመጨረሻ «የተጠቀሙበት መሣሪያ» በሚለው መስመር ላይ ጻፈች፦ «ወናፍ፣ አስራ አራት ሳንቲሜትር የተዘረጋ፤ የተገለበጠ ሌንስ፤ በእጅ የተስተካከለ።» ከሥሩም፦ «ጥርስ አለው። ዘሩ ይታገድ።» ፈረመች። የነቀዙ ጥርስ የታየችበትን ፎቶ አትማ አያያዘችና ለጸሐፊዋ ሰጠች፤ ቁጥር ተሰጥቶት መዝገብ ላይ እስኪሰፍርም ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ወናፉን ከካሜራው ፈታ በብብቷ ያዘች።

አባቷ የቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ዛሬስ ቀደምሽ» አሉ። እጃቸውን ሲሰዱ ወናፉን ነካ አደረጉት። «ይሄን ለምን ይዘሽው መጣሽ?»

«ከእንግዲህ መስሪያ ቤቱ የሚፈልገው አይመስለኝም።»

«ጠዋት የነገርሽኝ ነቀዝስ? ጥርሷ ታየች?»

«ታየች፣ አባባ።»

«ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

አባቷ የፕላስተሩን ጠርዝ በጥፍራቸው እየዳሰሱ ቆዩ። ወናፉን ተቀብላ ቤት አስገባችና ተመልሳ ክንዳቸውን ያዘች።

«ይነሱ፣ ከግቢው ውጪ ትንሽ እንሂድ።»

«ውጪ ደግሞ ምን አለኝ? የማላውቀው መንገድ ነው።»

«ለዚያ እኮ ነው» አለች። «ከአሁኑ አዲስ መንገድ ይልመዱ።»

አባቷ ዱላቸውን ዳሰው አገኙና በእሷ ላይ ተደግፈው ተነሱ። የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ዱላቸውን ወደ ውጪ ሰደዱ።

«አንድ» አሉ።