ብሬከሩን ያላወረድኩበት ሳምንት

ሱቄን ስዘጋ መጨረሻ የማደርገው የሱቁን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውን ብሬከር ማውረድ ነው። አሥራ አራት ዓመት እንዲሁ ነው የኖርኩት። አጠገቤ የነበረ የጫማ ሱቅ በአንድ የተረሳ ሶኬት ምክንያት ድምጥማጡ ሲጠፋ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ላይ ያለውን ብሬከር «አደራህን» ብዬ ሳላወርድ ቁልፍ አላዞርም። ጠዋት ደግሞ «በስምህ» ብዬ አነሳዋለሁ፤ ጠረጴዛዬ ላይ የተደረደሩት ራውተሮችም አንድ በአንድ ዓይናቸውን ይገልጣሉ።

ሥራዬ የቤት ዋይፋይ ራውተር መጠገን ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። እየፈታሁ፣ ሌሎች የጻፉትን እያነበብኩ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው በዕቃው ሳይሆን በፈርምዌሩ፣ ማለትም ራውተሩ በሚታዘዝበት የውስጥ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ፋብሪካው የጫነውን አውጥቼ ራሴ ያዘጋጀሁትን እጭንበታለሁ። ሊጣል የነበረ ስንት ሳጥን እንዲህ ነፍስ ዘርቷል።

አዲሱ ፈርምዌሬ ከቀድሞው የሚለየው በአንድ ነገር ነበር። ደንበኞች ይመጡና «አንዳንዴ ይቆራረጣል» ይሉኛል። መቼ? የትኛው ስልክ? አያውቁትም። እኔም ከራውተሩ ጋር የሚገናኝ ዕቃ ሁሉ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት የሚመዘግብ ትንሽ ክፍል ጽፌ ጨመርኩበት። በሦስት ራውተሮች ጭኜ ለሦስት ሳምንት ፈተንኩት። ስልክ አገናኘሁ፣ አቋረጥኩ፣ ገመድ ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ፣ ሆን ብዬ አጨናነቅሁት። ደብተሬ ላይ «ሃያ አንድ ቀን፤ እንከን የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አራት ደንበኞች ቤት ጫንኩት። አምስተኛዋ ልብስ ሰፊዋ ነበረች።

ልብስ ሰፊዋ ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው። ሽማግሌው አናጺ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ከቤት አይወጡም። እሷ ቀኑን ሙሉ ስፌት ቤት ስለምትውል በአንገት የሚንጠለጠል መጥሪያ ገዝታላቸዋለች። ሲጫኑት ጥሪው በዋይፋዩ አልፎ እሷ ስልክ ላይ ይደውላል። ችግሩ ራውተሩ መጥሪያውን ቶሎ ቶሎ ከመስመር መጣሉ ነበር። «ና እየው ጋሼ» ብላኝ አንድ ቅዳሜ ሄድኩ።

ሽማግሌው ራሳቸው በሠሩት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ይኸው ሐኪም አመጣችልኝ» አሉ። «ለእኔ ነው ለሳጥኑ?»

«ለሳጥኑ ነው አባባ።»

«ደግ። የእኔን ሐኪም ባለፈው አየሁት፤ ከእኔ ብሶ ያስላል።»

መጥሪያውን ከአንገታቸው እንዲያወልቁልኝ ጠየቅኋቸው። «ውሰደው፤ እንደ በግ ቃጭል አስራብኝ» አሉና ሰጡኝ።

«ተጭነውት ያውቃሉ?»

«አንድ ቀን ብቻ።»

«ንገረዋ አባዬ ለምን እንደሆነ» አለች ልጃቸው።

«ስኳሩን አጥቼ ነዋ።»

«ሥራ ጥዬ፣ ስከንፍ መጥቼ፣ በሩን በርግጄ ስገባ ‹ስኳሩን የት ነው የምታስቀምጪው› አለኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ፈርምዌሩን እየጫንኩ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ሽማግሌው ስለ እንጨት፣ ስለ ሟች ሚስታቸው፣ በጭነት መኪና አገር ለአገር ስለሚዞረው ወንድ ልጃቸው ያወራሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ካወሩ በኋላ «አንተ ሰውዬ ትሰማለህ እንጂ አትናገርም። ስምህን ጆሮው ብዬዋለሁ» አሉኝ።

ስወጣ ልብስ ሰፊዋ እስከ ደረጃው ሸኘችኝ። «ጋሼ፣ ይታመናል?»

«ሃያ አንድ ቀን ፈትኜዋለሁ» አልኳት።

በሳምንቱ ሳይሆን በዚያኛው ማክሰኞ ጥቁር ለብሳ ሱቄ መጣች። ራውተሩን በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች።

«አባዬ አረፈ» አለች።

ወንበር ሰጠኋት። የሚባለውን አልኳት።

ዓርብ ጠዋት አባቷ ደህና አድሮ፣ ቁርሱን ሰጥታው ነው የወጣችው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ወድቆ አገኘችው። ሐኪሞቹ ከወደቀ በኋላ ብዙ ሰዓት በሕይወት እንደቆየ ነገሯት። «ጣቶቹን ሳላቅቅ መጥሪያው መዳፉ ውስጥ ነበር» አለች። «ስልኬ ላይ ግን ምንም የለም ጋሼ። አንድም ጥሪ።»

«ወንድምሽስ ምን አለ?»

«ለቅሶ ቤት፣ ሰው ፊት፣ ‹ጠርቶሻል፤ ስልክሽን ድምፅ አጥፍተሽ ነው። አሁን ደግሞ ጉድሽ እንዳይታይ ጥሪውን ሰርዘሽዋል› አለኝ።» ነጠላውን ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። «መጀመሪያ ተናደድኩ። አሁን ግን እኔም አላውቅም። አሥር የስፌት መኪና በአንድ ላይ ይጮሃል። ምናልባት ጠርቶኝ አልሰማሁም ይሆናል። ምናልባት ሳላየው ነክቼ አጥፍቼዋለሁ። ራሴን ማመን አቃተኝ።»

ከዚያ ራውተሩን ወደ እኔ ገፋችው። «የገባውን የወጣውን ይጽፋል ብለኸኝ ነበር። አንብብልኝ። ጠርቶኝ ከሆነም ልወቀው።»

«ማን ነቀለው?» አልኳት።

«እኔ። ላንተ ላመጣው።»

መንገሩ ከበደኝ። ራውተሩ የሚጽፈው በራሱ ሜሞሪ ላይ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ የጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ስነግራት አላለቀሰችም። «እንግዲህ በራሴ እጅ ነቀልኩት» ብቻ አለች።

«ጥቂት ቀን ስጪኝ» አልኳት።

የዚያን ዕለት ሱቅ ስዘጋ እጄ ብሬከሩ ላይ ደረሰ። «አደራህን» ልል ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፤ እዚያው ቀረሁ።

ሃያ አንድ ቀን። በየማታው አውርጄዋለሁ፣ በየጠዋቱ አንስቼዋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ያሉት ራውተሮች አንድም ቀን ከአሥራ አንድ ሰዓት በላይ ሳይጠፉ ሠርተው አያውቁም። ሃያ አንድ ቀን ያልኩት ሃያ አንድ ጊዜ አንድ ቀን ነበር። የሽማግሌው ቤት ራውተር ግን ከቅዳሜ እስከ ዓርብ ለደቂቃ እንኳ አልጠፋም።

ተመልሼ ተቀመጥኩና የጻፍኩትን ፕሮግራም ከፈትኩ። ለማግኘት ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ያ መዝጋቢ ክፍል ይጽፋል፤ የድሮውን የሚሰርዝ መስመር ግን የለውም። ስልክ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው የሚገባው፣ የሚወጣው። መጥሪያው ግን ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛል፤ በየደቂቃው ይነቃና «አለሁ» ብሎ ተመልሶ ይተኛል። በየደቂቃው አንድ መስመር ነው። ሜሞሪው ይሞላል። ሲሞላ ምን እንደሚሆን ግን በዓይኔ አላየሁም ብዬ ራሴን አባበልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዳይሆን ፈልጌ ነው።

ከመሳቢያዬ የዚያው ዓይነት መጥሪያ አውጥቼ ከአንዱ ራውተር ጋር አገናኘሁ። ከዚያ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብሬከሩን ሳላወርድ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

በማግስቱ አራቱ ደንበኞች ቤት ዞሬ የቀድሞውን ፈርምዌር መለስኩላቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ማሻሻያ ነው» አልኳቸው። አንዷ አመስግናኝ ውኃ አቀረበችልኝ። ሳልጨርሰው ወጣሁ።

ሐሙስ መጥሪያውን ስጫን ስልኬ ደወለ። ዓርብ ደወለ። ቅዳሜ፣ እሑድ ደወለ። እሑድ ማታ ተንበርክኬ ስጸልይ እየለመንኩ ያለሁት ስለ ሽማግሌው ነፍስ ሳይሆን ስልኬ ነገም እንዲደውል መሆኑ ገባኝና አፍሬ ተነሣሁ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደወለ። አራት ሰዓት ላይ ተጫንኩት፤ ዝም። ደግሜ ተጫንኩት፤ ዝም። የራውተሩ አረንጓዴ መብራት እንደበራ ነው። ስልኬም ዋይፋዩ አለ ይላል። ውስጡ ግን ሞቷል። ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ያንን ራውተር ያየ ሰው ሁሉ ደህና ነው ብሎ ይወጣል። ልብስ ሰፊዋም ዓርብ ጠዋት ስትወጣ አይታው ይሆናል።

እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሣሁም። «ፈልጌ አጣሁት» ብላት ታምነኛለች። ማስረጃው ጠፍቷል፤ ያጠፋችው ደግሞ እሷ ናት። ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ አሰብኩት፤ አላሰብኩም ብዬ አልዋሽም። ሳስብ ግን የምትታየኝ ነጠላውን ስታጥፍና ስትዘረጋ ነው። እንደዚያው ስታደርግ ልትኖር ነው።

የእሷን ራውተር ወደ ቀድሞው ፈርምዌር መልሼ፣ ከመጥሪያው ጋር የመጣውን መመሪያ እንደገና አነበብኩ። አራተኛው ገጽ ላይ ያለችውን ነገር ካነበብኩ በኋላ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ማክሰኞ ራውተሩን ይዤ ቤታቸው ስደርስ ሹፌሩ ወንድሟ የአባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። እሷ በሌላው ጥግ፣ በርጩማ ላይ። ስልኳ መሐል ጠረጴዛው ላይ ነው። እንደማይነጋገሩ ክፍሉ ራሱ ይናገር ነበር።

አልተቀመጥኩም። ቆሜ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ስለ ብሬከሩ፣ ስለ ሃያ አንዱ ቀን፣ መሰረዝ ስለማያውቀው መዝጋቢ፣ ስለ ሰኞው። «አባታችሁ ከጠሩ ጥሪው ከዚህ ቤት አልወጣም» አልኩ። «ያስቀረው እኔ የጻፍኩት ነው። እሷ የሠራችው ጥፋት የለም።»

እሷ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ ስም ልሰጠው አልቻልኩም።

ሹፌሩ ግን ፈገግ አለ። «ጆሮው ያለህ አንተ ነህ አይደል? አባባ በስልክ ነግሮኛል። ስታዳምጣት ውለህ አዘንክላት። ከእኔ ልታስታርቃት ነው የመጣኸው።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ማስረጃህ የታለ? ሰው ዝም ብሎ ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ይላል? ደግ ሰው ነህ ወንድሜ። ግን ተወው።»

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። «መጥሪያው የት ነው?»

እሷ ወደ ግድግዳው አመለከተች። ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ይህ መጥሪያ ያልደረሰለትን ጥሪ አይጥልም» አልኩ። «ዋይፋይ እስኪያገኝ ድረስ ይይዘዋል፤ ሲያገኝ ይልከዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ ዋይፋይ አላገኘም። ራውተሩን አሁን ብሰካው፣ ካልጠሩ ዝም ይላል። ከጠሩ ግን…» ወደ እሷ ዞርኩ። «እህቴ፣ ከፈለግሽ ራውተሩን ሳልሰካ መጥሪያው የያዘውን ልሰርዘው እችላለሁ። የእኔ ቃል ይበቃችሁ እንደሆነ።»

ወንድሟን ጠበቅነው። እሱ ወለሉን ያያል። ይበቃል አላለም።

«ሰካው ጋሼ» አለች።

ሰካሁት። ራውተር እስኪነሣ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። በሥራዬ እንደዚያ የረዘመ ሁለት ደቂቃ አላውቅም። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም አሉ፤ አረንጓዴው ረጋ። ሚስማሩ ላይ ያለው መጥሪያ አንድ ጊዜ ሰማያዊ በራ።

ስልኩ ጮኸ።

ሦስታችንም አየነው። «አባዬ» ይላል፤ ከሥሩ «ዓርብ 2፡14»። ጮኾ ጮኾ ቆመ። እንደገና ጮኸ። «ዓርብ 2፡15»። እንደገና። «2፡15»። ከዚያ 2፡20፣ 2፡31። ከዚያ እየተራራቀ ሄደ፤ 3፡05፣ 3፡40። ሰውየው ደክሟቸው እንደነበር፣ ትንሽ አርፈው እንደገና እንደተጫኑ ከሰዓቱ ይታወቅ ነበር።

ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ግድግዳ ተደገፈ። የአራት ሰዓቱ ሲጮህ «በቃ» አለ፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም። «አጥፉት። አምኛለሁ፤ በቃ አጥፉት።»

እጄን ወደ ገመዱ ሰደድኩ።

«እንዳትነካው» አለችኝ። ስልኩን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ድምፁንም በጣቷ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። «ይጥራኝ። እየሰማሁ ነው።»

ጮኸ። «ዓርብ 4፡52»።

እሷ ወደ እኔ ሳትዞር «አንተ ሂድ አሁን ጋሼ» አለች።

በሩን የከፈተልኝ ወንድሟ ነው። አልተያየንም። ደረጃውን ስወርድ ጥሪዎቹ ስንት ሰዓት ላይ እንደደረሱ አላውቅም፤ ግቢው በር ስደርስም ግን ስልኩ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር።