የሦስተኛው ረድፍ እርግብ

ባሌ ካዲ እኔን ቤላ ብሎ ይጠራኛል፤ እርግቧን ግን ወይዘሮ ይላታል። በዚህ ስበግን ነው የኖርኩት። ለእሷ እህል ሲሆን ኪሱ ሰፊ ነው፤ ለእኔ ኮት ሲሆን ግን "ብርዱ እኮ እያለቀ ነው" ይላል።

ካዲ የሚሠራበት የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ የተዘጋ ጊዜ የአውራጃው ሹማምንት መንደራችንን ኤሽሂልን ከካርታ ሰረዟት። ከእንግዲህ የተሰበረ መብራት አይጠገንም፣ የሚያፈስ ጣሪያ አይደፈንም አሉ። ከዚያ ቤቶቹን ረድፍ በረድፍ እያፈረሱ ሁላችንንም ከኮረብታው ወዲህ ወደ ተሠራው አዲስ ሰፈር አዛወሩን። እውነቱን ልናገርና እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። መጸዳጃው ቤት ውስጥ፣ ሙቅ ውሃው ከቧንቧ! ምድጃ ፊት ገንዳ ዘርግቼ ከሰል ያጠቆረውን የካዲን ጀርባ ስፈትግ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ቤታችን ለነበረበት ለሦስተኛው ረድፍ አላለቅስም ብዬ ነበር።

ካዲ ግን ልቡ እዚያው ቀረ። የከሰሉ አቧራ ሳንባውን በልቶት፣ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ለመድረስ እንኳ መሃል ላይ ያርፋል። ከእርግቦቹ ሁሉ የቀረችው ወይዘሮ ብቻ ናት። ያረጀ እርግብ ደግሞ ቤት አይለውጥም ይባላል፤ በተለቀቀ ዕለት ወደ ድሮ ቤቱ ነው የሚበረው። ስለዚህ ሰው ሲዛወር ያረጁትን ወይ ይገድላቸዋል፣ ወይ ዕድሜ ልካቸውን ይዘጋባቸዋል።

ጎረቤታችን ማቲ ሬይን ፊት ለፊት ነገረው።

"ካዲ፣ ወይ አንገቷን ጠምዝዘው ወይ ቆልፍባት። ብትለቃት መንደራችን በነበረበት ገብስ ማሳ ላይ አርፋ የድመት ራት ነው የምትሆነው።"

"አንተ የራስህን አንገት ጠምዝዝ!" አለው ካዲ፣ ከዚያም ሳሉ ተነሣበት።

ማቲ ሲወጣ ካዲ እጄን ያዘኝ። "ቤላ፣ እኔስ ይሁን፣ እዚህ ታስሬ ቀረሁ። እሷ ምን አጠፋች? ልቀቂያት።"

"ብትጠፋስ?"

"ከጠፋች ጠፋች።"

አፉ ይበል እንጂ ፊቱን ሳየው ወይዘሮ ከጠፋች እሱም እንደማይከርም ገባኝ። ፈራሁ።

ጠዋት ለቀቅኳት። ዞር ዞር አለችና ከፍ ብላ ኮረብታውን ተሻገረች። እኔም ቅርጫት አንጠልጥዬ፣ እየተራገምኩ ተከተልኳት።

ጉም ወርዶ ነበር። ረድፎቹ የነበሩበት ሁሉ ገብስ ሆኗል። እግሬ ግን መንገዱን አልረሳም፤ በሌለው የጓሮ በር ገባሁ፣ የሌለውን የከሰል ክምር ዞርኩ። ጉሙ ሲንቀሳቀስ የድሮ ጎረቤታችን የሚኒ ስቶብስ አንሶላ ገመድ ላይ የሚወዛወዝ መሰለኝ። የሳሙናው ሽታ መጣብኝ። የፈረቃው ጡሩንባ ሲነፋ፣ የወንዶቹ ባለሚስማር ጫማ ድንጋዩን ሲቀጠቅጥ ሰማሁ ብዬ ብምል ማን ያምነኛል? ወይዘሮ የድሮ ቤቷ በነበረበት ቦታ፣ ገብሱ መሃል ተቀምጣ ትጠብቃለች። ያቺ የምጠላት ወፍ እጄ ላይ ዘላ ወጣች። እዚያው ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ ካዲ ቅርጫቱን አየና ትንፋሹ ተመለሰ።

"የት አገኘሻት?"

"ቤቷ ነዋ።"

"እዚያስ ማን ነበረ?"

ገብስ ነው ያለው ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። "ሚኒ ልብስ እያሰጣች ነበር።"

ካዲ ዓይኑን ጨፈነ። "ዛሬ እኮ የከሰል ጋሪው የሚመጣበት ቀን ነው፤ አቧራው ልብሱን ያጠቁረዋል። አብዳለች?"

"ነግሬያት ነበር፤ መቼ ትሰማኛለች!"

ሚኒን የቀበርናት መንደሩ ሳይፈርስ ነው፤ ያን ዕለት ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ ካዲ ነበር። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ ግን ሳቀ፤ ሳቁም ሳል አላመጣበትም።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነብን። እለቃታለሁ፣ ትበራለች፣ ሄጄ አመጣታለሁ፤ ከእሷ ጋር ወሬ ይዤ እመለሳለሁ። አንድ ቀን፣ ማርሽ ባንዱ ጸሎት ቤቱ አጠገብ ሲለማመድ ከበሮ መቺው ሰክሮ ተገኘ እላለሁ። ሌላ ቀን፣ የሰፈራችን ዳን አራተኛው ረድፍ ባለው ጓሮው ለአትክልት ውድድር ያሳደገውን ባሮ ሽንኩርት ሰው ከሥሩ ቆረጠበት እላለሁ።

"የቆረጠው ወንድሙ ነው!" ይላል ካዲ። "ደግሞ የዳን ጓሮ ሁለተኛው ረድፍ ነው እንጂ አራተኛው አይደለም። አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽን ገልጠሽ ሂጂ።"

ማቲ ሬይን አንድ ቀን በራፍ ላይ ቆሞ ሰማንና "ሁለታችሁም ለይቶላችኋል" ብሎን ሄደ። በማግስቱ ግን ቆቡን አውልቆ ገባ፤ እናቱ ከሞተች ቆይታለች።

"ቤላዬ፣ እናቴን አላየሻትም?"

"በራፏን ስታጥብ አገኘኋት። ምነው ልጄ ጠፋ በይልኝ ብላለች።"

ማቲ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ገብሱ ከታጨደ በኋላ አንድ ጠዋት ወይዘሮን እንደ ወትሮው ለቀቅኳት። እስከ ኮረብታው በረረች፤ ኮቴን ሳልደርብ ተመለሰች። አዲሱ የእርግብ ቤት ጣሪያ ላይ አርፋ ላባዋን ማበጠር ጀመረች።

የተመኘነው ይህን አልነበረም? መዝጋት ቀረ፣ ድመት ቀረ፣ እኔም ዝናብ አይመታኝ። ታዲያ ለምን ከፋኝ? ማዶ የሚወስደኝ ጉዳይ አለቀ፤ የካዲም ሳቅ አብሮ ሊያልቅ ነው።

ወደ እሱ ክፍል ገባሁ። በመስኮቱ በኩል የእርግብ ቤቱ ጣሪያ ወለል ብሎ ይታያል። ካዲ ወይዘሮን ትክ ብሎ እያያት ነው። ድምፅዋ እንኳ ይሰማል። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይን ለዓይን ተያየን።

"ቤላ፣ ወይዘሮ ዛሬ ቆየች" አለኝ።

"ቆየች" አልኩት።

"ታዲያ ሂጂ ፈልጊያት እንጂ፤ ምን ይገትርሻል?"

ኮቴን ደረብኩ። ባዶውን ቅርጫት አነሣሁና በወይዘሮ ሥር አልፌ ወደ ኮረብታው ሄድኩ።